ድሬዳዋ ከሾላው ሥር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ተሰነጠቀ። አራተኛው ጎማ ተሰነጠቀ፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ብየዳ እንደማይወድ ለስንቱ ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ ራሴ "ቀዳዳውን ትንሽ ላጥብበው" ብዬ በተራ ኤሌክትሮድ ነካሁት። ሲቀዘቅዝ ጧ አለ። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ጎማ እላለሁ እንጂ ፑሊ ነው፤ አዘዞ ካለ አንድ የቆመ ወፍጮ የተነቀለ። ቀበቶ የሚገባበትን ቦይ በቶርኖ ማሽን አሰፋሁትና ሐዲድ ላይ እንዲቀመጥ አደረግኩት። ሐዲድ እላለሁ እንጂ ከአሥራ ስድስት አሮጌ አልጋዎች የቆረጥኩት ማዕዘን ብረት ነው፤ ሹሉን ወደ ላይ ገልብጬ በይጄዋለሁ። የሆስፒታል ጥገና ሠራተኛ መሆን ለዚህ ይጠቅማል፤ የሚጣለው ሁሉ በእጄ ያልፋል። ላየው ሰው ያስቃል። ግን ይሽከረከራል። ማለት ሦስቱ ይሽከረከራሉ።

ይህን የግቢ ባቡር የምሠራው ለሚስቴ ለሮማን ነው። ከመኝታ ቤቱ በር ይነሣል፤ ግቢውን ቁልቁል አቋርጦ አጥሩ ጥግ ካለው ሾላ ሥር ይቆማል። አርባ እርምጃ። እግሯ ከመስከረም ጀምሮ አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ የጀርባዋን ራጅ አይቶ እኔን ብቻ ወደ ጎን ወሰደኝ። ክረምት አትደርስም አለኝ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ሮማን ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ ሾላውን ድሬዳዋ ነው ብያታለሁ። አባቷ እዚያ ጣቢያ ላይ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ እያሳዩ ባቡር የሚያሳልፉ ሰው ነበሩ። "ነበሩ" የምለው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ "ናቸው" ነው።

ደብዳቤው በጥር መጣ፤ በሥራ ቦታዬ አድራሻ። የጻፈችው እህቷ ጽጌ ናት። "አባባ አረፈ። ለሮማን እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ" ትላለች። አላውቅም። ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሞረዶቹ ሥር፣ ከዚህ ደብተር ጋር ደብቄዋለሁ። ሮማን እዚህ ጓሮ ያለው ወርክሾፔ ድረስ መምጣት አትችልም። ይህን መጻፉ ራሱ ያሳፍራል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

የቀረኝ ሥራ፦

አንድ ጎማ (ከየት እንደሚገኝ እግዜር ይወቀው)
ከሐዲዱ ሥር የሚጋደም እንጨት፣ ቢያንስ ሃያ
ፍሬን
ጋሪውን ሽቅብ የሚመልስ ገመድና መጠቅለያው
ወንበር። የአሮጌ ማኪና ወንበር አለኝ፤ ሽፋኑን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ትሰፋለች
አረንጓዴ ጨርቅ

ጨርቁ የሮማን ትእዛዝ ነው። "አረንጓዴ ሳይውለበለብ ባቡር አይነሣም አቦ! አባባ ይሙት እውነቴን ነው" አለችኝ። ቀይ ጨርቅ ከቀበሌ ሞልቷል፤ በየበዓሉ ይሰቀላል። አረንጓዴ ከየት ላምጣ?

"አባባ ይሙት" ስትል ወጥቼ ወደ ብረቴ እሄዳለሁ። ሰው በሞተ ሰው እንዲህ አይምልም። እሷ በቀን አሥር ጊዜ ትምላለች።

ዛሬም ጠየቀችኝ። "ታዴ፣ ይለፉ አልመጣም?"

"አልመጣም።"

"እነዚህ ሰዎች አባባን ሳላየው ሊያስቀሩኝ ነው።"

ይለፍ የሚባለውን ወረቀት ቀበሌ ካልሰጠ ከከተማ አይወጣም። አመልክቻለሁ ብያታለሁ። አላመለከትኩም። ብፈልግስ? አውቶቡሱ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ባቡሩ ሌላ ቀን፤ ሐኪሙ ከተማው ጥግ ያለችውን ጠዳን እንኳ አታልፍም ብሎኛል። ደርሳስ ማንን ልታይ?

እትዬ ጥሩ ታውቃለች። ሥራ ስሄድ ከሮማን ጋር የምትውለው እሷ ናት። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ነገርኳት። "ለታማሚ መርዶ አይነገርም። ነፍሷን ልታወጣ ነው?" አለችኝ። እንድትል የፈለግኩትን ስላለች እሺ አልኩ።

ሳገባት ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ይዣት ስመጣ ለአባቷ "በየዓመቱ ለጥምቀት አመጣታለሁ" ብዬ ቃል ሰጠሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቤት እየሠራን ነበር። በሁለተኛው እናቴ ታመመች። ከዚያ አብዮቱ። ከዚያ የሱማሌ ጦርነት። ከዚያ ይለፍ። ከዚያ እግሯ። ምክንያት ጎድሎብኝ አያውቅም። አንድም ጊዜ አልወሰድኳትም። አንድም!

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ ሁለት የተጫኑ አህዮች አገኘሁ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"እንደምን ዋልኽ የኔ ጌታ። ባቡሩ መቼ ይነሣል?"

"የትኛው ባቡር?"

"የተከልኸው ነዋ! ፑሊ ሲገባ ያየ አለ፤ ገበያው ሁሉ ያወራል። የትክል ድንጋዩ ባቡር ከቆመ ወር አለፈው፤ ልዦቹን ንፍሮ ሰለቻቸው።"

ቆይቶ ገባኝ። በእኛ አገር ባላገሩ ባቡር ሲል ወፍጮ ማለቱ ነው። የሚፈጨውን እንጂ የሚሄደውን አያውቅም። እኔ ለእትዬ ጥሩ "ባቡር ልሠራ ነው" አልኩ፤ እሷ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለገበያ። ይኸው ሁለት ጭነት ገብስ ሌሊት ተነሥቶ ከትክል ድንጋይ ድረስ መጣ።

ይህን ሳስረዳ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ሮማን ናት። ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? "አስገባቸው አቦ! እኔ አስረዳቸዋለሁ" ብላ ጮኸች።

አያ መርሻ ይባላሉ። አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"አባቴ፣ ይሄኛው ባቡር አይፈጭም። ሰው ይዞ ይሄዳል" አለቻቸው።

"እህልስ?"

"እህልም ይጭናል። ግን እንደጫነው ነው የሚያደርሰው።"

"ሸጋ ነው። ወዴት ነው ታዲያ የሚኼደው?"

"አባቴ ጋ" አለች።

በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። እትዬ ጥሩ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። አያ መርሻ ግን ሁለታችንንም አየት አየት አደረጉን።

ስሸኛቸው የተሰነጠቀውን ፑሊ ረገጡት። "ምነው ይኼስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከቆመው ባቡር ጀርባ የተጣለ አሮጌ ፑሊ አለ፤ ሰኞ ይዤልኽ እመጣለሁ አሉ። አህዮቹን እስከ ከተማው ወፍጮ ድረስ አብሬ ነዳሁላቸው። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

አህዮቹ ጦስ ይዘው ነው የመጡት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አስማረ ዛሬ ከሁለት አብዮት ጠባቂ ጋር መጣ።

"በቀበሌው ሳይፈቀድ የግል ባቡር ተተክሏል የሚል ጥቆማ ደርሶናል ጓድ ታደለ። የታለ ሞተሩ?"

"ሞተር የለውም።"

"ድንጋዩስ?"

"ድንጋይም የለውም።"

ሐዲዱን በዓይኑ ተከትሎ እስከ ሾላው ወረደ፤ ተመልሶ እስከ መኝታ ቤቱ በር ወጣ።

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ሾላው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ይመለሳል።"

ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ኮሚቴው ረቡዕ ተሰብስቦ እስኪወስን ሥራው ይቁም አለ። እሺ አልኩ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ሮማን ከውስጥ ተጣራች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጊዜ ይግቡ።" ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

"የድሬዳዋው ይለፌ የት ደረሰ?" አለችው።

"የምን ይለፍ?"

"ባለቤቴ በጥር ያመለከተልኝ።"

ጓድ አስማረ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የአልጋውን እግር አየሁ። "እህቴ፣ ወረቀቱን ሁሉ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከዚህ ቤት ማመልከቻ አልገባም" አላት።

"እሺ። አመሰግናለሁ" አለች። 

ሰዎቹ ሲወጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጮኸችብኝም። "ውሸታም" እንኳ አላለችኝም። ምነው ባለችኝ። እዚህ መጥቼ የተሰነጠቀውን ፑሊ በመዶሻ ሰባበርኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8



ምሳ በልተሻል? "አዎ።" ያምሻል? "ትንሽ።" ተናደድሽ? "አልተናደድኩም ታዴ።"

ልነግራት ሦስት ጊዜ ገባሁ። አንዴ ውሃ ሰጥቻት ወጣሁ። አንዴ ትራሷን አስተካክዬ ወጣሁ። አንዴ መስኮቱ ላይ ምንም ያልሆነውን ማጠፊያ ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ።

እትዬ ጥሩ ደጅ ጠብቃኝ፣ ሮማን ነጭ ነጠላዋን ከሳጥን አስወጥታ እንዳሳጠበቻት በሹክሹክታ ነገረችኝ። "ለምን?" ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች።  ሰው ከዚህ ዓለም ሊሄድ ሲል ልብሱን ያዘጋጃል ይባላል።

ሥራው ይቁም ተብሏል። ብየዳ ጎረቤት ያየዋል፤ ሞረድ ግን አይሰማም። የፍሬኑን ጥርስ እየሞረድኩ ዋልኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው ውስጥ ሆኜ የማስበው ፍሬን ነው።

እናቴ ይህን ሙያ ስይዝ "ቀጥቃጭ ወለድኩ" ብላ አልቅሳ ነበር። ሰው እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ይዛ። ሮማንን ሳመጣት ደግሞ "ይቺ ቀጥቃጭ ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም መሰለኝ" አለች። ሮማን ሳቀችባት። "አባባ ጥቁር ብረት መሃል ነው ያሳደገኝ" አለቻት። ወዲያው ተዋደዱ።

ብረትን አልፈራም፤ ሰውን እፈራለሁ። ብረት ሲሳሳት ይሰነጠቃል፤ ታየዋለህ። ሮማን ግን የት ላይ እንደተሰነጠቀች አላየሁም።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

አያ መርሻ መጡ! ፑሊው በአንዱ አህያ፣ በሌላው የወይራ እንጨት። ሃያ ሁለት ጉማጅ። እንጨት አልጠየቅኳቸውም፤ ሐሙስ ዕለት ሐዲዱ ባዶ አፈር ላይ መተኛቱን አይተው ኖሯል።

"ወይራ ምስጥ አይበላውም። ላንተም ለልዥኽም ይበቃል" አሉ። ልጅ የለንም። አላረምኳቸውም።

ፑሊው ዝጓል፤ ግን ጤነኛ ነው። ብየዳ ላላስነካው ምያለሁ። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ከቧንቧ ቁራጭ ቀለበት ሞርጄ አስገባሁበት። ገባ። ልክክ አለ። ከዓርብ ወዲህ ደስ ያለኝ አሁን ገና ነው።

ሮማን አያ መርሻን አስጠርታ ብቻቸውን ተነጋገሩ። ሲወጡ ፊታቸው ከብዷል። "ምን አለችዎት?" አልኩ። "የምትነሣ ለት ና ብላኛለች" አሉኝና አህዮቻቸውን ነዱ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ሙከራ። ወንበሩ ላይ ድንጋይ የሞላ ጆንያ አስሬ ለቀቅኩት።

አንደኛ፦ መሃል ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ሐዲዱ ሁለት ጣት ያህል ሰፍቷል። አጠበብኩት።
ሁለተኛ፦ ደረሰ፤ ግን ፍሬኑ አልያዘም። ጆንያው ሾላው ላይ ተፈጠፈጠ። እሷ ብትሆንስ ብዬ እዚያው ተቀመጥኩ።
ሦስተኛ፦ የፍሬኑን ክንድ አስረዘምኩ። ያዘ።
አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፦ ያዘ።

ያ ሁሉ ድምፅ እየተሰማት ሮማን "ምን ተፈጠረ?" አላለችም። ማታ ላይ "ያዘልህ?" አለችኝ ብቻ። ያዘልኝ አልኳት። "ጎበዝ" አለች፤ እጄን ይዛ ትንሽ ቆየች።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከዓርብ ወዲህ "አባባ ይሙት" ብላ አልማለችም። ስለ ይለፉም አልጠየቀችም። አኩርፋኛለች ማለት ነው። ይገባኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

የኮሚቴው ውሳኔ፦ ወፍጮ አለመሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ አይወረስም። ሌላ ምን እንደሆነ ግን መመሪያው ውስጥ ስላልተገኘ እስከ ፋሲካ ይቆይና ይፍረስ።

ጓድ አስማረ ወረቀቱን ራሱ ይዞልኝ መጣ። ቀና ብሎ አላየኝም። "ከዚህ በላይ ማስረዘም አልቻልኩም" አለኝ።

ለሮማን ነገርኳት። "እስከ ፋሲካ? ይበቃል አቦ። እኔስ ከዚያ ወዲያ ምን ሥራ አለኝ?" አለች፤ ፈገግ ብላ። ወጥቼ የወይራውን ጉማጅ ቆጠርኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ትናንት ወይራውን ቀበርኩ፣ ዛሬ ሐዲዱን በብሎን አሰርኩበት። ጎማዎቹ የሚዞሩባቸውን ኩሽኔታዎች በግራሶ ቅባት ሞላኋቸው። ወንበሩ ተገጠመ። አረንጓዴውም ተገኘ፤ የእትዬ ጥሩ የዓውደ ዓመት ሻሽ። "ቅባት አስነክተህ ትመልስልኝና ታየኛለህ" ብላለች።

ነገ።

ነገ ካሳፈርኳት በኋላ እነግራታለሁ። አንድ ጊዜ ደስ ይበላትና ከዚያ። እንዲህ ብዬ ወሰንኩ። እንዲህ ብዬ ስንት ጊዜ ወስኛለሁ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአልጋ አንሥቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ምንም አትከብድም። ነጩን ነጠላዋን ለብሳለች፤ ያለበሰቻት እትዬ ጥሩ ናት። ጥለቱ ወደ ላይ አንገቷ ሥር መጥቷል። በችኮላ ተገልብጦባቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

አያ መርሻ እታች ሾላው ሥር ቆመዋል። ጓድ አስማረም መጥቶ ከአጥሩ ውጭ እንደ መንገደኛ ቆሟል። እትዬ ጥሩ ሻሿን ይዛ እንባዋ ይወርዳል። በደስታ መሰለኝ። የሞኝ ነገር።

"አውለብልቢው" አለች ሮማን። ሻሹ ተውለበለበ። ፍሬኑን ለቀቅኩ።

ሄደች። ቀስ ብላ ሄደች። እኔ የፍሬኑን ክንድ ይዤ ከጎኗ እራመዳለሁ። ጎማው ሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል፤ ትንሽ ይቆይና ጠቅ። ይህን ድምፅ አላሰብኩበትም ነበር። ሮማን ዓይኗን ጨፍና የድሬዳዋን መንገድ ጣቢያዎች መቁጠር ጀመረች። "አዋሽ" አለች። ጠቅ። "ሚኤሶ።" ጠቅ። "አፍደም። ኤረር።" ሾላው ጥላ ውስጥ ስንገባ "ሁርሶ" አለች። ፍሬኑን ያዝኩ። ቆመ።

"ደረስን" አልኩ። እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ነጠላዋን ላስተካክልላት ጥለቱን ያዝኩ። "ተገልብጦብሻል" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "ተወው ታዴ። አልተገለበጠም።"

ቀና ስል አያ መርሻ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። "እግዜር ያጥናሽ ልዤ" አሏት። እትዬ ጥሩም ከላይ እየወረደች ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"አባባን መቼ ነው የቀበሩት?" አለችኝ ሮማን።

"ታኅሣሥ" አልኩ። 

"አባባ ቢኖር ኖሮ ተሸክመህም ቢሆን ትወስደኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ባቡር መሥራት ስትጀምር ነው የጠረጠርኩት። ሰውዬው ማመልከቻ የለም ሲል አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"መንገድ ላይ አይለቀስም። ሲደረስ ነው የሚለቀሰው። አንተ እስክታደርሰኝ ነው የጠበቅኩት።"

ከዚያ አለቀሰች። አባባ! ብላ ጮኸች፤ ያ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ሰውነት ከየት እንደወጣ አላውቅም። እትዬ ጥሩ ተቀበለቻት። ለአያ መርሻ ሰኞ ዕለት ነግራቸው ኖሯል፤ ለእትዬ ጥሩ ዛሬ ነጠላውን ስታለብሳት። እኔ ሐዲዱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአባቷ ይሁን ለእሷ ይሁን ለራሴ ይሁን አልለየሁትም። ለማንም ይሁን፣ በጥር ማልቀስ ነበረብኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 16

በስንተኛው ወር መርዶ ተነገረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ንጋቱን ከልክዬ ሁለት ወር ሙሉ አጨለምኩባት።

ሾላው ሥር ድንኳን ተተከለ። ድንኳኑን ያመጣው ጓድ አስማረ ነው። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ንፍሮው ከአያ መርሻ ገብስ ነው፤ ሳይፈጭ የቀረ ትንሽ ተርፏቸው ነበር።

ሮማን ወንበሯ ላይ ሆና ለቅሶ ተቀመጠች፤ እዚያው ሐዲዱ ጫፍ ላይ። ለሚመጣው ሁሉ ስለ አባቷ ታወራለች። አረንጓዴ ሲያውለበልቡ ክንዳቸው እንዴት እንደሚዘረጋ፤ ቀይ ሲያነሡ እንዴት እንደሚኮሳተሩ። አንዲት ሴትዮ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ጠየቀችኝ። "ደግ ሰው ነበሩ" አልኳት። ነበሩ። ድምፄን አውጥቼ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ሠልስቱ ትናንት አለቀ። ድንኳኑ ተነሥቷል።

የጽጌን ደብዳቤ ከሞረዶቹ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ግራሶ የነካውን ጠርዝ በጣቷ ጠረገች። ይቅርታ ልላት ጀመርኩ፤ አላስጨረሰችኝም።

"የእኔን መርዶ ለጽጌ ስትጽፍ ግን በባሏ ሥራ ቦታ አድራሻ አትላክ" አለችኝ። "ቤቷ ላክ። በዚያው ሳምንት ላክ። እንዳንተ የሚፈራ ባል አላት፤ ይደብቅባታል።"

"እሺ" አልኩ።

"ማልልኝ።"

"ሮማን ትሙት" ሊያመልጠኝ ነበር፤ አፌ ላይ ነው ያለው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምምለው። ዋጥኩት። "እግዚአብሔርን እልክልሻለሁ" አልኳት። ገብቷታል። ሳቀች፤ ከዚያ ሳሏ ተነሣባትና ብዙ ቆየ።

ዛሬ ጠዋት ድሬ አድርሰኝ ብላ ነበር፤ አደረስኳት። ነገም ትፈልጋለች። ከፋሲካ በፊት ስንት ጠዋት እንደቀረ አውቃለሁ፤ ስንቱ የእሷ እንደሆነ ግን አላውቅም። አንዱ ጎማ መጮህ ጀምሯል፤ የትክል ድንጋዩ ነው። ግራሶ ይዤ ልወጣ ስል ከአልጋዋ ጠራችኝ።

"ተወው አቦ። ባቡር ይጮኻል።"

ይህን የምጽፈው ወርክሾፕ ውስጥ አይደለም። አልጋዋ አጠገብ ነኝ፤ ደብተሩን እያየችው ነው።  ግራሶውን መልሼ ከደንኩት።